ሁለት እጅ የዘይት ቀለም

ባልዲዬንና ጓንቴን ለጎረቤቴ ከሰጠሁ ሦስት ወር ሆነኝ። የምኖረው ጃል ኤል ዲብ፣ ከመንገዱ ዝቅ ብላ በተሠራች አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ነው። አሁን ጠዋት የምሄድበት የለኝም። እግሬ ግን ይህ ገና አልገባውም፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጫማውን ይፈልጋል። ተነስቼ እለብሳለሁ፣ በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። ሐኪሙ «ክሎር አትንኪ፣ እርጥበት ያለበት ቤት አትግቢ» ነው ያለኝ፤ ክሎር የሚሉት በረኪናን ነው። ቤይሩት ውስጥ እርጥበት የሌለበት ቤት ካለ እሱ ራሱ ቢያሳየኝ ደስ ባለኝ።

ሰው «ሥራሽ ምን ነበር?» ሲለኝ «ጽዳት» እላለሁ። እዚህ አገር የእኛ ሴት «ጽዳት» ካለች ሌላ ጥያቄ አይከተልም። የመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ሥራዬ ግን ግድግዳ ነበር። ቀለሙ ያበጠ፣ ጥቁር ሻጋታ የያዘው፣ ሲነኩት እንደ ዱቄት የሚራገፍ ግድግዳ ሲኖር የሚጠሩት እኔን ነበር። ከአንጠልያስ እስከ ኦዛይ ያልነካሁት ግድግዳ የለም ብል ብዙም አልዋሸሁም። ሥራውን ያስተማረችኝ አንዲት ሴት ናት። ይህን የምጽፈውም ስለ እሷና ስለ አንድ ግድግዳ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩትም፤ የምነግረውም ሰው አጠገቤ የለም።

ወደዚህ አገር ስመጣ የገባሁት አንጠልያስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ማዳም ሳሚያ ቤት ነበር። ስለ ደሞዝና ስለ ወረቀት ሌሎች ብዙ ብለዋል፤ የእኔም ከዚያ ስለማይለይ እዘለዋለሁ። ማዳሜ ክፉ ሴት አልነበረችም። ውኃ ግን ትወድ ነበር። በረንዳው በየቀኑ ጠዋት በባልዲ ውኃ መታጠብ አለበት። ጨርቅ ብቻ ካሳለፍኩበት መነጽሯን አድርጋ ትመጣና ጥግ ጥጉን ታያለች። «ያ የሺ፣ አፍስሺ እንጂ! ያኒ፣ ያለ ውኃ ምን ጽዳት አለ?» ትለኛለች። አምስት ባልዲ አፈሳለሁ፣ ከዚያ ውኃውን በጎማ እየገፋሁ ወደ ቀዳዳው እሸኘዋለሁ። በሰባት ዓመት ስንት ባልዲ እንደሚሆን ያኔ አስቤው አላውቅም፤ በኋላ ግን ብዙ አሰብኩት።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ የሕንፃው ሰዎች ተሰብስበው ግድግዳውን ከውጭ ሊያለብሱት ተስማሙ። አሮጌው ልስን ተሰነጣጥቆ ነበር። ሠራተኞች በገመድ እየተንጠለጠሉ መጡ፤ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የሚገኘውን የመሰለ ነጭ ፎም ግድግዳው ላይ በሙጫ ለጠፉ። በላዩ መረብ ዘረጉ፣ ከመረቡ በላይ ደግሞ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ስስ ልስን ቀቡት። ሲያልቅ ሕንፃው አዲስ ሙሽራ መሰለ። ማዳሜ ካናዳ ላሉት ልጆቿ እየደወለች «አሁን ብርድም አይገባ፣ ሙቀትም አይገባ» ትላቸው ነበር።

ከሁለት ክረምት በኋላ እኔ የምተኛባት ትንሿ ክፍል ግድግዳ ላይ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ወጣች። ክፍሏ ከወጥ ቤቱ ቀጥላ፣ ከበረንዳው ጀርባ ያለች ናት። አልጋ ከገባባት በኋላ በሩ እንኳ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም። ለማዳሜ አሳየኋት።

«ውኃ ታበዣለሽ፣ ለዚህ ነው» አለችኝ።

አፍስሺ የምትለኝም እሷ፣ ታበዣለሽ የምትለኝም እሷ። ምን ይባላል? በክሎር አጠብኩት፣ ጠፋ። በየክረምቱ ይመጣል፣ በየክረምቱ አጠፋዋለሁ። ያቺ ቃል ግን ከውስጤ አልጠፋችም። ግድግዳውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ አመንኩ። ሰው ቤት ስትኖሪ የተሰበረው ሁሉ፣ የጠፋው ሁሉ በአንቺ ስለሚሳበብ፣ ቆይተሽ አንቺም ራስሽን መጠርጠር ትጀምሪያለሽ። በሰባተኛው ዓመት ባሏ ሞተና ልጆቿ መጥተው ወሰዷት። ቤቱ ተዘጋ፣ እኔም ልብሴን በአንድ ከረጢት ይዤ ወጣሁ።

እትዬ ጥሩወርቅን ያገኘኋት ያኔ ነው። ይህችን አሁን ያለሁባትን ክፍል የተከራየችው እሷ ነበረች። «አልጋ ማስገቢያ አለ፣ ካላንኮራፋሽ ግቢ» አለችኝ። የደብረ ታቦር ሴት ናት፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሃምሳን ያለፈች፣ ንግግሯ አጭር። ከአሠሪዋ ቤት ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው። ኢቃማ፣ ማለት የመኖሪያ ፈቃድ፣ አልነበራትም። ስለዚህ ከዚህ አገር ከወጣች መመለስ አትችልም፤ ከተያዘችም ያው ነው። እናቷ በሕይወት ነበሩ። አሥራ አምስት ዓመት አላየቻቸውም። እሑድ እሑድ ትደውልላቸውና ሁልጊዜ በአንድ ቃል ትዘጋለች፤ «እመጣለሁ፣ አይዞሽ።»

እሷ ናት ግድግዳ ማንበብ ያስተማረችኝ። አንድ ቤት ስንገባ ባልዲ አታነሳም። መጀመሪያ ጫማዋን ታወልቅና በባዶ እግሯ ግድግዳ ግድግዳውን ተጠግታ ክፍሉን ትዞራለች። ወለሉ የት ጋ እንደሚቀዘቅዝ ጣቷ ይነግራታል። ከዚያ የእጇን ጀርባ ግድግዳው ላይ ታደርጋለች። «መዳፍሽን ክሎር በልቶታል፣ አያውቅም። ጀርባውን ጠይቂው» ትለኝ ነበር። ቀጥሎ ከቦርሳዋ እጀታው ረጅም የሆነ የወጥ ማንኪያ ታወጣለች። በእጀታው ግድግዳውን ቀስ እያለች ትመታለች፣ ጆሮዋን አስጠግታ ታዳምጣለች። ደረቁ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የራሰው ድምፁን ይውጠዋል። የቤቱ ሰዎች ይስቁባት ነበር። እሷ እቴ! ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ከለጠፈች በኋላ ንጉሥ ቢጠራትም አትዞርም።

ከሁሉ የምወደው ግን ናይለኑን ነበር። መሐረብ የሚያህል ናይለን በፕላስተር አራት ማዕዘኑን አሽጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለች። ከሁለት ቀን በኋላ ተመልሰን እናየዋለን። ጠብታው በክፍሉ በኩል ባለው የናይለኑ ፊት ላይ ከሆነ ችግሩ የቤቱ ትንፋሽ ነው፤ ምግብ ሲበስል፣ ልብስ ሲደርቅ፣ መስኮት ሳይከፈት። ያ በእኛ እጅ ይድናል። ጠብታው ከግድግዳው ወገን ከሆነ ግን ውኃው ከውጭ፣ ከፎሙ ጀርባ ነው የሚመጣው። እንዲያ ሲሆን እትዬ ጥሩ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛዋ ለቤቱ እመቤት ፊት ለፊት ትነግራታለች፤ «ማዳም፣ እኔ ባጥበው ይመለሳል። ከውጭ አስከፍቺው። ኸላስ።» በዚህ ስንት ሥራ አጥተናል! «እናንተ የምታጸዱ ናችሁ ወይስ መሐንዲስ?» ብላ ያባረረችን አለች። ደረጃው ላይ ተቀምጠን ምሳችንን በላንና ሄድን።

አንድ ነገር ላይ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። «ያልደረቀ ግድግዳ አትቀቢ። የዘይት ቀለምማ በጭራሽ። ከውጭ ፎም፣ ከውስጥ ዘይት። ታዲያ ውኃው በየት ይውጣ?» ይህን መቶ ጊዜ ሳልሰማ አልቀርም። ስትተኛም ራስጌዋን ወደ በሩ ታደርጋለች። ወደ ግድግዳ ዞራ ስትተኛ አንድ ቀን አላየኋትም።

አራት ዓመት አብረን ሠራን። ከዚያ ማዳም ሳሚያ ደወለችልኝ። ከካናዳ ተመልሳለች። «እዚያ ሁሉም ሥራ ላይ ነው የሺ፣ ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ጋር ነው የማወራው። ቤቴ ይሻለኛል» አለች። አብራት የምትኖር ጨዋ፣ ትልቅ ሴት ትፈልጋለች። እኔን ነበር የፈለገችው፤ እኔ ግን የእትዬ ጥሩን ነገር አነሳሁባት። ማዳሜ ሰማችኝና ከጠበቃ ጋር ተነጋገረች። «በእኔ ስም ይሁን፣ ወረቀቷን አስተካክላለሁ። በጋ ሲገባ አገሯ ደርሳ ትመለስ» አለች። ለእትዬ ጥሩ ስነግራት አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጫማዋን አድርጋ ወጣችና ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞራ ተመለሰች። «እናቴ ሰማኒያ ሦስት ሆናታል» ብቻ አለችኝ።

ትንሿን ክፍል እንዳዘጋጅ የተላክሁት እኔ ነኝ። በሩን ስከፍት ሽታው ተቀበለኝ። ያ መዳፍ የሚያህለው ጥቁር ነገር ግማሽ ግድግዳ ሆኗል፤ ከሥሩ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ወለሉ ላይ ረግፏል። ጫማዬን አወለቅሁ፣ የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ፣ አንኳኳሁ። ድምፁን ዋጠው። ናይለን ለጠፍኩ። ከሁለት ቀን በኋላ ስመጣ ጠብታው ከግድግዳው ወገን ነበር፤ ብዙ ጠብታ፣ እየተንጠባጠበ።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩትን አልረሳውም። ለማዳሜ እውነቱን ብነግራት ግድግዳው ከውጭ ይከፈታል። ክረምቱ እስኪያልፍ ደግሞ ማንም ገመድ ላይ አይወጣም። ክፍሏ ካልሆነች እትዬ ጥሩ የምትገባበት የለም፣ ወረቀቱም ለከርሞ ይባላል። ለከርሞ እናቷ ይኑሩ አይኑሩ ማን ያውቃል? ይህ አንዱ ነው፤ ይህን ብቻ ብናገር ጥሩ ሰው መስዬ እታያለሁ። ሌላው ግን ፍርሃት ነበር። ማዳሜ «ያ የሺ፣ ያ ሁሉ ዓመት ያፈሰስሽው ውኃ ነው» እንዳትለኝ ፈራሁ። እትዬ ጥሩ ደግሞ እሱን ሰምታ፣ ያቺን እድሏን ያበላሸሁባት እኔ መሆኔን እንዳታውቅ ፈራሁ። ቤቱ አራት ዓመት ተዘግቶ ነበር። በዚያ በረንዳ ላይ አራት ዓመት ሙሉ አንዲት ጠብታ ያፈሰሰ ሰው የለም። ይህ እንኳ ወደ አእምሮዬ አልመጣም።

ናይለኑን ገንጥዬ አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ሻጋታውን በክሎር አጠብኩ። መብራት በመጣ ቁጥር የማዳሜን ማሞቂያ ፊት ለፊቱ አደረግሁ፤ ከላይ ሲነኩት ደረቅ ሆነ። ስቱኮ ለሰንኩና ደልድዬ አሸሁት። ከዚያ በላዩ ነጭ የዘይት ቀለም ቀባሁ። ሁለት እጅ። ያብረቀርቅ ነበር። ማዳሜ በሩ ላይ ቆማ «ብራቮ የሺ፣ እንደ ሆቴል!» አለችኝ።

እትዬ ጥሩ ስትመጣ ሻንጣዋን አስቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ግድግዳውን ተጠግታ ሁለት እርምጃ ሄደች፣ የእጇን ጀርባ ቀለሙ ላይ አደረገች። ረጅም ጊዜ አላነሳችውም። ከዚያ ዞራ አየችኝ።

«ጥሩ አድርገሽ ቀብተሽዋል» አለችኝ።

«እ... አዎ» አልኩ። አልጋዋ የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው፤ ራስጌው ከዚያ ግድግዳ ጋር ነበር።

እኔ ወደዚህች ክፍል ተመለስኩ። ከእሷ ጋር የምንገናኘው እሑድ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አንዳንዴም አንጠልያስ ሄጄ አያታለሁ። ዝናቡ ሲጀምር ሳል ጀመራት። «ብርድ ነው» ትላለች። አንድ ቀን ስሄድ የእመቤታችን ሥዕል ያለበትን የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ከትራሷ አጠገብ፣ በጣም ዝቅ አድርጋ ሰቅላው አየሁ።

«እትዬ፣ እመቤታችንን ምነው እንዲህ ዝቅ አደረግሻት?» አልኳት።

«ተኝቼ እንዳያት ነዋ። ቆሜ የማይበት ጊዜ መቼ አለኝ?»

ሳቅን። እሷ ስትስቅ ሳሉ ያዛት። ማዳሜ ከእኔ ጋር ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፣ መድኃኒት ገዛችላት፣ ሾርባ አፍልታ አልጋዋ ድረስ አመጣችላት። ሐኪሙ ሳንባዋ የቆየ ጉዳት እንዳለበት ተናገረ፤ የክሎር ዘመን ነው፣ እርጥበቱም አግዞታል አለ። «እርጥበት» ሲል ማዳሜ ወደ እኔ አየች። «ክፍሏማ ደረቅ ናት፣ የሺ ቀብታዋለች» አለች። እኔ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተከልኩ። ያን ቀን መናገር እችል ነበር። ወረቀቱ ሊያልቅ ጥቂት ሳምንት ነው የቀረው፣ ትንሽ ልታገሥ አልኩ። የታገሥኩት እኔ አልነበርኩም፤ እሷ ናት።

ወረቀቱ በጋው መግቢያ ላይ ደረሰ። ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ከስታ ቀሚሷ ሰፍቷት ነበር፤ ፊቷ ግን እንዲያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ልትገባ ስትል ከቦርሳዋ ማንኪያውን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ይህ ሻንጣ ያከብዳል፣ አንቺ ዘንድ ይሁን» አለች። የማንኪያ ክብደት! የማንኪያው አፍ ጠርዙ ተበልቶ ነጭ ነገር ተጣብቆበት ነበር። ስቱኮ መስሎኝ በቀሚሴ ጠረግሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ማዳሜ ጠራችኝ። የትንሿ ክፍል ቀለም አብጦ እንደ ፊኛ ፈንድቷል። በገመድ የሚወጣ ባለሙያ አስመጥታለች፤ ኢብራሂም የሚባል ሶርያዊ ሙዓለም። እኔ ክፍሏን ባዶ እንዳደርግ ነበር የተፈለገው። አልጋውን ጎተትኩ፣ ሥዕሉን አነሳሁ። ከሥዕሉ ሥር ትሪ የሚያህል ቦታ ላይ ቀለም የለም። ሁለቱም እጅ፣ ስቱኮውም ጭምር፣ እስከ ሲሚንቶው ድረስ ተፍቋል። ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ሥራው ንጹሕ። የማንኪያ አፍ የሄደበት ጭረት በጭረት ይታያል። ግድግዳው እንዲተነፍስ ነው የፋቀችው። ሥዕሉን የሰቀለችበት ደግሞ እኔ እንዳልወቀስ ነው። ወለሉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ማዳሜ «ናፈቀችሽ ሐቢብቲ?» አለችኝ፣ እኔም አዎ አልኳት።

ሙዓለሙ ከውጭ ፎሙን በቢላዋ ቆረጠው። እንደ ተነከረ ዳቦ እየፈረሰ፣ እየተንጠባጠበ ወጣ። ወደ ላይ ወጥቶ ሲያይ ቆየና በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «ከአምስተኛ ፎቅ ነው። የኤር ኮንዲሽኑን ብረት ሲተክሉ ልስኑን በስተውታል፣ ቀዳዳውን አልደፈኑትም። ዝናቡ በዚያ ገብቶ ከፎሙ ጀርባ ይወርዳል» አለ።

«በረንዳ ማጠብስ?» አልኩት።

«የበረንዳው ውኃማ ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ነው የሚሄደው፤ ግድግዳውን ምን አገባው?» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ደወልኩላት። ድምፅዋ ከሩቅ ነበር፤ ከጀርባዋ እናቷ ሲያወሩ ይሰማል።

«ግድግዳውን ከፈቱት?» አለችኝ፣ ከሰላምታው ቀጥላ።

«ከፈቱት። ውኃው ከላይ ነው እትዬ። ከአምስተኛ ፎቅ።»

«አይ ጉልበቴ!» ብላ ሳቀች። «ከበረንዳው መስሎኝ እኮ ክረምቱን ሙሉ አንድ ባልዲ አላፈሰስኩም። ማዳም ሳትነሳ ተንበርክኬ በጨርቅ ነው የጨረስኩት። አንቺ ያን ያህል ዘመን ያፈሰስሽው ይበቃዋል ብዬ።»

ታውቅ ነበር። የእጇን ጀርባ ያስጠጋች ቀን ሁሉንም አውቃለች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ቀለሙ።»

ሳለች፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ቀለሙማ ሁለት እጅ ነበር። ለመፋቅ አስቸገረኝ፤ አንዱ እጅ አይበቃሽም ነበር?» አለች። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አንቺ ልጅ፣ እናቴን አየኋት። በዚህ ይብቃ።»

መስከረም ሳይጠባ አረፈች። እናቷ ቀበሯት። ብነግራት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በየቀኑ አስባለሁ። ምናልባት እናቷን ሳታይ ትቀር ነበር፤ ምናልባት ደግሞ ዛሬም እዚህ ታንኮራፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብቻዬን በሠራሁባቸው ዓመታት ያልደረቀ ግድግዳ አልቀባሁም፤ ስንት ቤት አባረረኝ። ይህ ግን ለእሷ ምን ያደርግላታል?

አልጋዋን ከዚህች ክፍል አላወጣሁትም። ባለፈው ሳምንት ከአልጋዋ በላይ፣ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ፣ መዳፍ የምታህል ጥቁር ነገር ወጣች። ክሎር የለኝም፣ ቢኖረኝም አልነካትም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ የእጄን ጀርባ አስጠጋሁ፣ በማንኪያዋ አንኳኳሁ። ናይለን ቆርጬ ለጠፍኩበት። ዛሬ ሁለት ቀን ሆነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስቼ ጫማዬን አድርጌ በሩ ድረስ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ናይለኑን አየሁ። ከዚያ ወደ ባዶው አልጋ ዞሬ ያኔ መናገር የነበረብኝን ጮክ ብዬ ተናገርኩት።

«እትዬ፣ ከግድግዳው ወገን ነው።»